መጀመሪያ የምናየው ቅርጹን ነው ወይስ እንቅስቃሴውን?

ጥያቄ፦ «ፊልም ማለት በሰከንድ 24 የማይንቀሳቀሱ ፎቶዎች ናቸው ይባላል። ታዲያ እንቅስቃሴው ከየት ይመጣል? እኔ እንደሚመስለኝ አንጎላችን መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ይለያል፤ ከዚያ ቦታ መቀየሩን አይቶ ‹ተንቀሳቅሷል› ይላል። ልክ ነኝ? ደግሞስ በፊልም ላይ የመኪና ጎማ ወደ ኋላ ሲዞር የሚታየው ለምንድን ነው?»

ምላሽ፦

ከመካከለኛው ጥያቄዎ ልጀምር፤ ሌሎቹ በእሱ ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው።

አንድን ነገር እዚህ አየሁት፤ ቀጥሎ እዚያ አየሁት፤ ስለዚህ ተንቀሳቅሷል። አሳማኝ ይመስላል፤ ብዙ ሰውም እንደዚያ ነው የሚያስበው። የግድግዳ ሰዓት ላይ አጭሯን ቆጣሪ ስናይ የምናደርገውም ይህንኑ ነው። ቅድም 3 ላይ ነበረች፣ አሁን 4 ላይ ናት፤ ሄዳለች ማለት ነው። ስትሄድ ግን አላየናትም። የሰከንዷን ቆጣሪ ደግሞ ስትሄድ እናያታለን። እዚህ ላይ ምንም ማሰላሰል የለም። ቀይ ነገር ቀይ ሆኖ እንደሚታየን ሁሉ፣ የሚሄድም ነገር እየሄደ ይታየናል።

ስለዚህ ግምትዎ ልክ አይደለም። እንቅስቃሴ እንደ ቀለም ራሱን የቻለ ስሜት ነው። አንጎላችን እንቅስቃሴን ለማየት ነገሩ ምን እንደሆነ ማወቅ አያስፈልገውም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ምን እንደሆነ የምናውቀው ስለተንቀሳቀሰ ነው። ለምን እንደዚህ እንደምል ላስረዳ። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለእኔ ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ የአንዲት ታማሚ ታሪክ ነው። በሕክምና ጽሑፎች ኤል.ኤም. በሚሉ ፊደሎች ብቻ ነው የምትታወቀው። በ1983 ዮሴፍ ጺል የተባለ ተመራማሪና ሁለት ባልደረቦቹ ስለ እሷ ያሳተሙትን ጽሑፍ በእይታ ጥናት ሙያችን ውስጥ የማያውቀው የለም። አንጎሏ ውስጥ ባሉ የደም መልስ ሥሮች ደም ረግቶ፣ በግራም በቀኝም የአንጎሏ የኋለኛ ክፍል ተጎድቶ ነበር። ከሕመሙ በኋላ ቀለም ትለያለች። ዕቃ ታውቃለች። የሰው ፊት ታውቃለች። የጠፋው ሌላ ነገር ነው፤ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲንቀሳቀስ አይታያትም።

ሻይ ስትቀዳ ፈሳሹ እንደ በረዶ ግግር ቀጥ ብሎ የቆመ ይመስላት ነበር። ኩባያው ውስጥ ከፍ እያለ ሲመጣ ስለማይታያት፣ መቼ ማቆም እንዳለባት አታውቅም። ሰዎች በተሰበሰቡበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ያስጨንቃታል። እዚያ የነበረው ሰው ድንገት እዚህ ይገኛል፤ ሲመጣ ግን አላየችውም። መንገድ ማቋረጥማ የባሰ ነበር። መኪናው ሩቅ ነው ብላ ልትሻገር ስትል አጠገቧ ደርሶ ታገኘዋለች። በኋላ ላይ የመኪናውን ርቀት በድምፁ መገመት ለመደች።

አሁን ይህችን ሴት ከእርስዎ ግምት ጎን ያስቀምጧት። ነገሩ ምን እንደሆነ ታውቃለች። የት እንደነበረ ታስታውሳለች። አሁን የት እንዳለም ታያለች። እርስዎ የዘረዘሩት ሁሉ አላት፤ እንቅስቃሴው ግን የለም። እንቅስቃሴ እነዚህን በመደመር የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ኤል.ኤም. ሻይ መቅዳት ባላቃታት ነበር።

ቅርጽ ብቻውን የሚጠፋበት አጋጣሚም አለ። ዲ.ኤፍ. የተባለች ሌላ ታማሚ በካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ተመርዛ አንጎሏ ተጎዳ። ቀለም ይታያታል፣ የዕቃው ገጽ ሻካራ ይሁን ለስላሳ በዓይኗ ትለያለች፤ ቅርጽ ግን አይገባትም። ሜልቪን ጉዴል፣ ዴቪድ ሚልነርና ባልደረቦቻቸው በ1991 ያሳተሙት ሙከራ አስገራሚ ነው። ፊት ለፊቷ ያለው ቀጭን ክፍተት ቁም ይሁን አግድም መናገር አትችልም። ካርድ ሰጥተው እንድታስገባበት ሲጠይቋት ግን፣ እጇ ካርዱን ልክ እንደ ክፍተቱ አዘንብሎ ይከተዋል። አፏ የማያውቀውን እጇ ያውቃል። «ማየት» የምንለው ነገር አንድ ወጥ ሥራ እንዳልሆነ እነዚህ ሁለት ሴቶች ያሳዩናል። አንጎል ውስጥ ሥራው ተከፋፍሏል፤ አንዱ ክፍል ሲጎዳ ሌላው ይተርፋል።

ክፍፍሉ ሩቅ አይጀምርም። እዚያው ዓይን ውስጥ ነው።

ረቲና ላይ፣ ማለትም በዓይን የኋላ ግድግዳ ላይ ባለው ስስ ሽፋን፣ ከ100 ሚሊዮን በላይ ብርሃን ተቀባይ ህዋሳት አሉ። ወደ አንጎል የሚሄደው የእይታ ነርቭ ግን 1 ሚሊዮን ገደማ ክሮች ብቻ ነው ያሉት። ስለዚህ መረጃው ገና ከዓይን ሳይወጣ ብዙ ተመርጧል፣ ብዙ ተጨምቋል። የሚላከው በአብዛኛው ለውጥ ነው፤ ብርሃንና ጥላ የሚገናኙበት ጠርዝ፣ ወይም አሁን የበራ፣ አሁን የጠፋ ነጥብ። ባለበት የጸና ነገር ለዓይን ብዙም ወሬ የለውም።

ይህ አባባሌ የተጋነነ ከመሰለዎት፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተደረገ አንድ ሙከራ ልንገርዎ። ተመራማሪዎች ከዓይን ጋር አብሮ የሚሄድ ምስል ሠሩ። ዓይን ወደየትም ቢዞር ምስሉ እዚያው የረቲናው ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ምስሉ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ደበዘዘና ጠፋ። ማለትም የቆመ ነገር እንኳ የሚታየን ዓይናችን ራሱ ስለማይቆም ነው። አንድ ነጥብ ላይ ትኩር ብለን ስናይ እንኳ ዓይናችን በማናውቀው ሁኔታ ይርገበገባል፣ ይንሸራተታል። ያ ጥቃቅን መነቃነቅ ባይኖር ቅርጽም አይኖርም ነበር።

ከረቲና የሚወጡት ነርቮችም አንድ ዓይነት አይደሉም። ትናንሾቹ ዝርዝርንና ቀለምን ይዘው ነው የሚሄዱት። ትላልቆቹ ደግሞ ለዝርዝርም ለቀለምም እምብዛም ግድ የላቸውም። ግን ፈጣን ናቸው፤ ስስ የብርሃንና የጥላ ልዩነት ይበቃቸዋል። ለእንቅስቃሴ የበለጠውን ድርሻ የሚሰጡት እነዚህ ትላልቆቹ ናቸው። የቀለም ነገር አለመሆኑን የሚያሳይ ጥሩ ሙከራ አለ። ቀይና አረንጓዴ መስመሮች ተራ በተራ ይደረደሩና ድምቀታቸው እኩል እስኪሆን ይስተካከላል። ከዚያ እንዲሄዱ ይደረጋል። መስመሮቹ ቁልጭ ብለው ይታያሉ፤ ቀዩ ቀይ ነው፣ አረንጓዴው አረንጓዴ። የሚሄዱበት ፍጥነት ግን ከእውነተኛው በጣም ያነሰ ይመስላል። አንዳንዴ የቆሙ እስኪመስሉ ድረስ። ቅርጹ በግልጽ እየታየ እንቅስቃሴው ሲሰንፍ ማየት፣ ጤነኛ ሰው ወደ ኤል.ኤም. ዓለም ትንሽ የሚጠጋበት መንገድ ይመስለኛል።

ከዓይን ቀጥሎ ያለው ዋና ጣቢያ ከጭንቅላታችን በስተኋላ የሚገኘው የመጀመሪያው የእይታ ክፍል ነው። ዴቪድ ሁበልና ቶርስተን ዊዝል በ1950ዎቹ መጨረሻ የድመት አንጎል ላይ እዚህ ክፍል ውስጥ ያሉ ህዋሳት የሚያሰሙትን የኤሌክትሪክ ምልክት ሲያዳምጡ ነበር። ነጥብ እያሳዩ ብዙ ደከሙ፤ ህዋሱ ዝም። ነጥቡ የተሳለበትን የመስታወት ስላይድ ወደ ማሳያው ሲያስገቡ ግን ህዋሱ ድንገት ተንጣጣ። የቀሰቀሰው ነጥቡ አልነበረም። የስላይዱ ጠርዝ የጣለው ቀጭን ጥላ፣ በተወሰነ ዘንበል ብሎ ሲያልፍ ነው። በዚህና በተከታዮቹ ሥራዎቻቸው በ1981 የኖቤል ሽልማት ከሮጀር ስፔሪ ጋር ተካፈሉ። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው «ህዋሱ መስመር ይወዳል» የሚለው ብቻ ነው። ግን መስመሩ የሚሄድ መስመር ነበር። ብዙዎቹ ህዋሳት መስመሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲሄድ ይጮሃሉ፤ ወደ ተቃራኒው ሲሄድ ጸጥ ይላሉ።

ከዚያ ወዲያ መንገዱ በግልጽ ይከፈላል። ወደ ታች የሚሄደው ጅረት ቅርጽን፣ ፊትን፣ ዕቃን ይለያል። ወደ ላይ የሚሄደው ቦታን፣ እንቅስቃሴንና የእጅና የዓይን ሥራን ይመራል። በዚህኛው መንገድ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደሎቹ ኤም ቲ የሚባል ትንሽ ቦታ አለ። እዚያ ያሉት ህዋሳት ከሞላ ጎደል ሁሉም አቅጣጫ ይመርጣሉ። አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ሰያፍ። የሚሄደው ነገር ወፍ ይሁን ድንጋይ አይጠይቁም።

ዊልያም ኒውሰምና ባልደረቦቹ በ1990 ያሳተሙት ሙከራ ጥርጣሬን ያስወግዳል። ጦጣዎችን የነጥቦች መንጋ ወደየት እንደሚሄድ በዓይናቸው እንዲጠቁሙ አሠለጠኗቸው። ከዚያ ኤም ቲ ውስጥ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመርጡ ህዋሳትን በጥቂት ኤሌክትሪክ ነኩ። የጦጣዎቹ መልስ ወደዚያ አቅጣጫ አጋደለ። ማሳያው ላይ ምንም አልተቀየረም። የተነካው አንጎል ብቻ ነው፤ ፍርዱ ግን ተቀየረ።

አሁን ወደ ፊልሙ መሄድ እንችላለን። አንድ ህዋስ የሚያየው ትንሽ ነጥብ ነው። ታዲያ አቅጣጫን እንዴት ያውቃል? በርንሃርድ ሃሰንሽታይንና ቬርነር ራይክሃርት በ1956 በጥንዚዛ ላይ ሠርተው ያቀረቡት ሐሳብ እስከ ዛሬ መሠረት ነው። ሁለት ጎረቤት ነጥቦችን ያስቡ። ከግራው የሚመጣው መልእክት ትንሽ ይዘገያል፤ የቀኙ ሳይዘገይ ያልፋል። ሁለቱ እኩል ከደረሱ የሚቀሰቀስ አንድ ተቀባይ አለ። ብርሃን ከግራ ወደ ቀኝ ካለፈ፣ የዘገየው ግራና ያልዘገየው ቀኝ አንድ ላይ ይደርሳሉ፤ ተቀባዩ ይነሳል። ከቀኝ ወደ ግራ ካለፈ ግን ይተላለፋሉ። በቃ፤ ዘዴው ይኸው ነው። የሰው አንጎል ዝርዝሩ የረቀቀ ቢሆንም መሠረቱ ከዚህ አይርቅም። እዚህ ውስጥ «ይህ ምንድን ነው?» የሚል ጥያቄ የትም ቦታ የለም።

ይህ ተቀባይ ብርሃኑ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ሳይቋረጥ ይጓዝ ወይም ይዝለል የሚያውቅበት መንገድ የለውም። እዚህ ጋ በርቶ፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እዚያ ጋ ከበራ በቃው። የፊልም ፎቶዎች ደግሞ በትክክል ይህንን ነው የሚሰጡት። ስለዚህ ፊልም ሲያዩ አንጎልዎ የጎደለውን እየገመተ አይደለም የሚሞላው። እውነተኛ እንቅስቃሴ የሚቀሰቅሳቸው እነዚያው ህዋሳት ናቸው እየተቀሰቀሱ ያሉት። ብዙ ቦታ «ምስሉ ረቲና ላይ ለጥቂት ጊዜ ስለሚቆይ ነው» የሚል ማብራሪያ ያነቡ ይሆናል። ያ የማያጠግብ መልስ ነው። ምስሎች እየቆዩ ቢደራረቡ የምናየው የተዝረከረከ ድርብርብ ነበር እንጂ የሚሄድ ሰው አልነበረም። መቆየቱ የሚያግዘው የብርሃኑን ብልጭ ድርግም ለመሸፈን ነው። ለዚያም ቢሆን 24 አይበቃም፤ የድሮዎቹ የሲኒማ ማሳያዎች እያንዳንዱን ፎቶ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ያበሩት ነበር።

ሲግመንድ ኤክስነር በ1875 የሠራው ሥራ ለዚህ ክርክር ወርቅ ነው። ሁለት የኤሌክትሪክ ብልጭታዎችን ጎን ለጎን፣ አንዱን ከሌላው አስከትሎ አበራ። በመካከላቸው ያለውን ጊዜ እያሳጠረ ሄደ። የተቀራረቡ ብልጭታዎች ሲሆኑ፣ የትኛው እንደቀደመ ለይቶ መናገር በማይቻልበት አጭር ጊዜ ውስጥ እንኳ እንቅስቃሴው ከነአቅጣጫው ይታይ ነበር። እስቲ አስቡት፤ «መጀመሪያ እዚህ፣ ቀጥሎ እዚያ» ማለት የማይችል ሰው «ወደ ቀኝ ሄደ» ይላል። በ1912 ደግሞ ማክስ ቬርትሃይመር ከዚህ የባሰ ነገር ዘገበ። ሁለት መስመሮችን ተራ በተራ ሲያሳይ፣ በተወሰነ ፍጥነት ላይ ተመልካቾቹ የሚሄድ ነገር ሳያዩ መሄድን ብቻ አዩ። እንቅስቃሴ አለ፤ የሚንቀሳቀስ ቅርጽ የለም።

ይህንን ቤትዎ ሆነው የሚቀምሱበት መንገድም አለ። ሮበርት አዳምስ በ1834 ስኮትላንድ ውስጥ በፎየርስ ፏፏቴ አጠገብ ቆሞ የገለጸው ነው። ፏፏቴ፣ ወይም ስክሪን ላይ ወደ ታች የሚወርድ ጽሑፍ ለአንድ ደቂቃ ያህል ትኩር ብለው ይዩ። ከዚያ ዓይንዎን ወደ ቆመ ነገር ያዙሩ። የቆመው ነገር ወደ ላይ መሄድ ይጀምራል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ወደ ታችና ወደ ላይ የሚመርጡት ህዋሳት ሁልጊዜም ጥቂት ጥቂት ይናገራሉ፤ በመካከላቸው ሚዛን አለ። ወደ ታች የሚመርጡት ለአንድ ደቂቃ ሲሠሩ ይደክማሉ። ሚዛኑ ወደ ላይ ያጋድላል።

ከምክንያቱ ይልቅ እኔን የሚገርመኝ መልኩ ነው። ድንጋዩ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ግን የትም አይደርስም። ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ እዚያው ነው ያለው። ምክንያታዊ ሆነን ካሰብን ይህ ሊሆን የማይችል ነገር ነው። ለዓይን ግን ምንም ችግር የለውም፤ ምክንያቱም የእንቅስቃሴው መልእክትና የቦታው መልእክት በተለያየ መንገድ ነው የሚመጡት። አንዱ ሲሳሳት ሌላው እውነቱን ይናገራል፤ እኛም ሁለቱንም አብረን እናያለን።

እስካሁን ሁለቱን ለያይቼ ነው የተናገርኩት። ፈጽሞ አይገናኙም ማለቴ ግን አይደለም፤ ይገናኛሉ፤ ያለዚያ መኖር አንችልም ነበር።

እያንዳንዱ ህዋስ ዓለምን በትንሽ ቀዳዳ ነው የሚያያት። በትንሽ ቀዳዳ በኩል አንድ ረጅም ሰያፍ መስመር ሲያልፍ ቢያዩ፣ ወደ ቀኝ ይሂድ፣ ወደ ታች ይሂድ ወይም ወደ ሁለቱም፣ ማወቅ አይችሉም። ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላል። የሚታየው መስመሩን በቀጥታ የሚያቋርጠው አቅጣጫ ብቻ ነው። ሰያፍ መስመሮች የተጠመጠሙበት ቋሚ ምሰሶ ሲሽከረከር መስመሮቹ ወደ ላይ የሚወጡ የሚመስሉት ከዚሁ የተነሳ ነው። በእርግጥ የሚዞሩት ወደ ጎን ነው። ይህንን ለመፍታት አንጎል ቅርጽ ያስፈልገዋል፤ ማለትም የመስመሩን ጫፍ፣ የማዕዘኑን መታጠፊያ። ጫፍ አይዋሽም። የጫፉ አካሄድ የሙሉው ነገር አካሄድ ነው።

ክሪስቶፈር ፓክና ሪቻርድ ቦርን በ2001 ይህ ትግል በጊዜ ውስጥ ሲካሄድ አሳይተዋል። የኤም ቲ ህዋሳት መጀመሪያ የሚናገሩት የተሳሳተውን፣ ማለትም መስመሩን በቀጥታ የሚያቋርጠውን አቅጣጫ ነው። ከ60 ሚሊሰከንድ (የሰከንድ 60 ሺኛ) ገደማ በኋላ ነው ወደ ትክክለኛው የሚዞሩት። ስለዚህ በጥያቄዎ ውስጥ አንድ እውነት አለ፤ ቅርጽ እንቅስቃሴን ያርመዋል። ግን ማረም ነው። መጀመሪያ የደረሰው እንቅስቃሴው ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ ያለው እርዳታ ግን ከዚህ በጣም ይበልጣል። ሣር ውስጥ የተጋደመ፣ ቀለሙ ሣሩን የመሰለ እንስሳ ያስቡ። ቆሞ ሳለ የለም። አንድ እርምጃ ሲራመድ ሙሉ አካሉ ተቆርጦ ይወጣል፤ ጆሮ፣ ጀርባ፣ ጅራት። ቀለሙ አልተቀየረም፤ ጠርዙ አልደመቀም። አብረው የሄዱ ነጥቦችን አንጎል «እነዚህ አንድ ናቸው» ብሎ ስለሰበሰባቸው ብቻ ነው። ቆም ሲል ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና ይሟሟል።

የስዊድኑ ጉናር ዮሃንሰን በ1973 ይህንን በሰው አካል ላይ አሳየ። በሰውዬው ትከሻ፣ ክርን፣ አንጓ፣ ዳሌ፣ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ትናንሽ መብራቶች አደረገ። ክፍሉን አጨለመ። ተመልካች የሚያየው ከ10 እስከ 12 ነጥቦችን ብቻ ነው። ሰውዬው ሲቆም የተበተኑ ነጥቦች ናቸው፤ ማንም ሰው ነው አይልም። መራመድ ሲጀምር ግን ሁሉም ያውቃል። በኋላ በሠራው ሙከራ የሰከንድ 1/5 ብቻ ማየት በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ሰዎች ከእነዚህ ነጥቦች ብቻ ወንድ ይሁን ሴት፣ አልፎም የሚያውቁት ጓደኛ መሆኑን፣ በግምት ከሚገኘው በላይ እንደሚለዩ አሳዩ። በ2008 የወጣ ጥናት ገና በ2 ቀናቸው ያሉ ሕፃናት እንኳ ከተራ የነጥብ እንቅስቃሴ ይልቅ የሕያው ፍጡር አረማመድን አብዝተው እንደሚመለከቱ አገኘ። የሚገርመው በዚያ ዕድሜ ሕፃን ጥርት አድርጎ አያይም። አረማመዱ ግን ይስበዋል።

ሃንስ ዋላክና ዲ. ኤን. ኦኮኔል በ1953 ያደረጉት ደግሞ ቀላል ስለሆነ እርስዎም ይሞክሩት። ቀጭን ሽቦ ወዲያና ወዲህ አጣጥፈው፣ ጥላውን በነጭ ወረቀት ወይም በግድግዳ ላይ ያሳርፉ። ጥላው ዝርግ የተጠማዘዘ መስመር ነው። ሽቦውን ቀስ ብለው ሲያሽከረክሩት ጥላው በአንዴ ጥልቀት ያገኛል፤ የትኛው ክፍል ወደ እርስዎ፣ የትኛው ወደዚያ እንደሆነ ይታያል። ሲያቆሙት ተመልሶ ይዘረጋል።

ዓይነ ስውር ሆነው ኖረው በኋላ ማየት የጀመሩ ሰዎች ለዚህ ጉዳይ የሚሰጡት ምስክርነት ከፍተኛ ነው። በ3 ዓመቱ ዓይኑን አጥቶ በ43 ዓመቱ በቀዶ ሕክምና ማየት የጀመረ አንድ ሰው በ2003 በዝርዝር ተጠንቷል። ፊት መለየት ይከብደዋል። በፎቶ ላይ ያለ ዕቃ ምን እንደሆነ ይቸገራል። እንቅስቃሴን ግን ከሞላ ጎደል እንደ ማንም ያያል። በሥዕል ላይ ያልገባው ኪዩብ ሲሽከረከር ወዲያው ኪዩብ ይሆንለታል። የዮሃንሰን ዓይነት ነጥቦችንም ያውቃል። ፓዋን ሲንሃ የሚመራው ፕሮጀክት ደግሞ በሕንድ ውስጥ ከሕፃንነታቸው ጀምረው ማየት ያልቻሉ ልጆችንና ወጣቶችን አሳክሞ፣ ከዚያ በኋላ እይታቸው እንዴት እንደሚያድግ ይከታተላል። መጀመሪያ ላይ አንድ ሥዕል ለእነሱ የተቆራረጡ የቀለምና የብርሃን ቁርጥራጮች ነው። ሁለት የተደራረቡ ቅርጾችን ሁለት ናቸው አይሉም፤ ሦስት፣ አራት ያደርጓቸዋል። ጥላን እንደ ዕቃ ይቆጥሩታል። ከቅርጾቹ አንዱ ሲንቀሳቀስ ግን ወዲያው ይለዩታል። ከወራት በኋላ የቆሙትንም መለየት ይጀምራሉ። ተመራማሪዎቹ ከዚህ በመነሳት እንቅስቃሴ ቅርጽን የሚያስተምር መምህር ሊሆን ይችላል ይላሉ። እኔም በዚህ አምናለሁ።

አንድ ነገር ግን ሳይጠይቁኝ ልጨምር፤ ሳልናገረው ብቀር ይቆጨኛል። ዓይናችን በሰከንድ 3 ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ ይዘላል። በእያንዳንዱ ዝላይ ረቲና ላይ ያለው ዓለም በሙሉ ይሸራተታል። ታዲያ ዓለም ለምን አትናወጥም? አንጎል ለዓይን ጡንቻ ትእዛዝ ሲሰጥ የትእዛዙን ግልባጭ ለእይታ ክፍሎችም ይልካል፤ «ይህ መንሸራተት የእኔ ነው» ለማለት። በዝላዩ ወቅትም የእንቅስቃሴ ስሜታችን ይዳከማል። መስታወት ፊት ቆመው አንዴ የግራ ዓይንዎን፣ አንዴ የቀኝ ዓይንዎን ይዩ። ዓይንዎ ሲዘዋወር ፈጽሞ አያዩትም፤ አጠገብዎ የቆመ ሰው ግን በደንብ ያየዋል። ጣትዎን በዐይን ቆብዎ ጥግ ላይ አድርገው፣ ሌላውን ዓይን ጨፍነው፣ በጣም በቀስታ ገፋ ቢያደርጉ ደግሞ ዓለም ትናወጣለች። ጣት የላከው ግልባጭ የለምና። (የዓይን ሕመም ያለበት ወይም ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ይህንን አይሞክር።)

ቀረን ጎማው። 10 ተመሳሳይ ዘንጎች ያሉት ጎማ ያስቡ። በዘንጎቹ መካከል 36 ዲግሪ አለ። በአንድ ፎቶና በሚቀጥለው መካከል ጎማው ወደ ፊት 33 ዲግሪ ዞረ እንበል። በሁለተኛው ፎቶ ላይ እያንዳንዱ ዘንግ ከፊቱ የነበረው ዘንግ ቦታ ሊደርስ 3 ዲግሪ ብቻ ቀርቶታል። የእንቅስቃሴ ተቀባዮቹ ምርጫ ቀርቦላቸዋል፤ ወይ ወደ ፊት 33፣ ወይ ወደ ኋላ 3። አጭሩን ይወስዳሉ። ጎማው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። ልክ 36 ቢዞር ኖሮ የቆመ ይመስል ነበር።

«ግን ያኛው ዘንግ ሌላ ዘንግ መሆኑን አንጎሌ አያውቅም?» ሊሉ ይችላሉ። አያውቅም፤ አይጠይቅምም። ካሬ እዚህ አብርተው ወዲያው ክብ እዚያ ቢያበሩ፣ ሰው የሚያየው ከካሬነት ወደ ክብነት እየተቀየረ የሚሄድ አንድ ነገር ነው። ለእንቅስቃሴ ከመመሳሰል ይልቅ መቀራረብ ይበልጣል። ካሜራው በሰከንድ 24 ሳይሆን 48 ፎቶ ቢያነሳ፣ ያው ጎማ በፎቶዎቹ መካከል የሚዞረው 16.5 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ከ36 ግማሽ፣ ማለትም ከ18 ስለሚያንስ፣ አሁን አጭሩ መንገድ ወደ ፊት ነው፤ ጎማውም ወደ ፊት ይዞራል።